ነፃ ሥርዓተ ክወናና የላፕቶፕ ጠባይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ቀርቤ ሐሳቤን እንድገልጽ ስለ ተጋበዝኩ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ በመጀመሪያ ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የጥገናና የደኅንነት አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ነገሩ የየመሥሪያ ቤቱና የየትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሆኗል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና በአመዛኙ ከ2017 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ስክሪኑ የጠራ፣ የፊደል ገበታው ያልተበላሸ፣ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ከበቂ በላይ አቅም ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በአንድ ቀን «ጊዜ ያለፈበት» ተብሏል። ለተወሰነ ጊዜ የሚራዘም አገልግሎት ቢኖርም ቀኑን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እንግዲህ በእጃችን ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ማሽኑን መጣል፤ ጥበቃ በሌለው ሥርዓት፣ አለዚያም ፈቃድ በሌለው ቅጂ መቀጠል፤ ወይም ነፃ ሥርዓተ ክወና መጫን። ሦስተኛውን መንገድ የሚመርጥ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው እኛን ነው። ስለዚህ የምንሰጠው መልስ በስሜት ሳይሆን በዕውቀት ላይ የተመሠረተ መሆን ይኖርበታል።

የ«ነፃ» ትርጉም

«ነፃ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ያለ ክፍያ የሚገኘውን ነው፤ ሁለተኛው ከሰው እጅ የወጣውን፣ ነፃነት ያለውን ነው። እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ ዓላማው ማንኛውም ተጠቃሚ ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመርና የመለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላው የማካፈል፣ ያሻሻለውንም የማሠራጨት መብት እንዲኖረው ነበር። በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት አቀረበ፤ በ1992ም በግኑ የፈቃድ ውል ሥር አዋለው። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሥራዎች የተወለዱት ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ.ና እኅቶቹ በሌላ መስመር አደጉ። በ1993 ደቢያን፣ በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው ኡቡንቱ ተጨመሩ።

የእነዚህ ሥርዓቶች ብቃት ዛሬ የሚያከራክር አይደለም። የዓለም ታላላቅ ኮምፒውተሮችና የኢንተርኔት አገልጋዮች አብዛኛዎቹ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክም ከርነሉ ሊኑክስ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሸከም ሥርዓት በአንድ ተራ ላፕቶፕ ላይ ሲጫን የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ በሥርዓት መተኛት የሚሳነው ስለ ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

ላፕቶፕ ለምን ያስቸግራል?

የጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠራው በገበያ ላይ ከሚገኙ፣ መለኪያቸው ከታወቀ ክፍሎች ነው። ላፕቶፕ ግን ሠሪው ኩባንያ ለክብደት፣ ለሙቀትና ለዋጋ ሲል በራሱ መንገድ ያጣመረው አንድ ወጥ አካል ነው። ባትሪውን የሚቆጣጠር፣ ማራገቢያውን የሚያፈጥን፣ የክዳኑን መዘጋት የሚያስታውቅ፣ ልዩ ቁልፎችን የሚያዳምጥ አንድ ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ በውስጡ አለ። የዚህ ቺፕ ጠባይ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ዝርዝሩም ብዙ ጊዜ ለሕዝብ አይገለጽም።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ሲባል ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ማሽን ስለ ራሱ የሚገልጽ ሰንጠረዥ በመነሻ ፕሮግራሙ፣ ማለትም በባዮሱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሰንጠረዡ መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓተ ክወናው እያነበበ የሚፈጽመው ትእዛዝም ያለበት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ግን ሠሪዎቹ ሰንጠረዡን የሚፈትኑት በአመዛኙ በዊንዶውስ ብቻ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ስሕተቱን ችሎ ካለፈው ስሕተቱ ከፋብሪካ ሳይታረም ይወጣል፤ ሌላው ሥርዓት ግን ይደናቀፍበታል።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። ሰንጠረዡ «ያስነሣኸኝ ሥርዓት ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ መልሱን አይቶም ጠባዩን ይለውጣል። የሊኑክስ ሠሪዎች በልምድ የተረዱት ነገር ቢኖር እውነተኛ ስማቸውን መናገር የሚጎዳቸው መሆኑን ነው፤ ምክንያቱም ለዊንዶውስ የተጻፈው መንገድ ተፈትኗል፣ ለሊኑክስ ተብሎ የተጻፈው ግን አልፎ አልፎ የተጣለ፣ ማንም ያልሞከረው መንገድ ነበር። ስለዚህ ከ2007 ጀምሮ ከርነሉ «ሊኑክስ ነህ?» ሲባል ዝም ይላል፤ «ዊንዶውስ ነህ?» ሲባል ግን «አዎን» ይላል። ነፃው ሥርዓት በሰው ቤት በሰው ስም እንደሚገባ እንግዳ መሆኑ ነው።

የእንቅልፍ ነገር

ተጠቃሚዎች አብዝተው የሚያማርሩት በእንቅልፍ ነው። በቀድሞው ደንብ ኤስ 3 በሚባለው ደረጃ ከማስታወሻው ክፍል በስተቀር የማሽኑ አካል ሁሉ ኃይል ይቋረጥበታል። ሲነቃ እያንዳንዱ ድራይቨር፣ ማለትም በክፍሉና በከርነሉ መካከል ያለው አገናኝ ፕሮግራም፣ ክፍሉን እንደ አዲስ ማስነሣት አለበት። ከመካከላቸው አንዱ ቢሰንፍ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል ወይም ድምፁ ይጠፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ብዙ ሠሪዎች ይህን ደረጃ ከነጭራሹ ትተው ማሽኑ እንደ ስልክ ግማሽ ነቅቶ የሚቆይበትን አዲስ አሠራር ተክለዋል። በዚህ አሠራር ኃይሉ የሚቆጠበው ሁሉም ክፍሎች በስምምነት ዝቅ ሲሉ ብቻ ነው። አንዱ እምቢ ቢል ማሽኑ በቦርሳ ውስጥ እያለ ይግላል፤ ጠዋት ሲከፈትም ባትሪው አልቆ ይገኛል። ይህ ቅሬታ በዊንዶውስ ተጠቃሚዎችም ዘንድ የሚሰማ ስለ ሆነ በነፃው ሥርዓት ላይ ብቻ ማላከክ ትክክል አይሆንም። ለተግባር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ሞዴሎች በባዮሳቸው ውስጥ የቀድሞውን የእንቅልፍ ደረጃ የመምረጫ ቦታ አላቸው፤ ይህ ምርጫ ካለ ለነፃ ሥርዓት የሚሻለው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ገመድ አልባ ግንኙነትና የተሰወረው ፈርምዌር

የገመድ አልባ ግንኙነት ካርድ በውስጡ የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አለው፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥርም ፈርምዌር የተባለ ፕሮግራም ሊጫንለት ይገባል። ፈርምዌሩ የሠሪው ንብረት ነው፤ ምንጩ አይታይም። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ለረጅም ጊዜ የካርዶቹን ዝርዝር ለነፃ ሥርዓቶች ስላልሰጠ በጎ ፈቃደኞች ተከፋፍለው ሠሩ። አንዱ ወገን የተዘጋውን ድራይቨር መርምሮ ጠባዩን በጽሑፍ አሰፈረ፤ ሌላው ወገን የተዘጋውን ሳያይ ከጽሑፉ ተነሥቶ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ውጤቱ በ2006 ወደ ከርነሉ ገባ። ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ለሕፃናት ትምህርት ተብሎ የተሠራው አረንጓዴና ነጭ ኤክስ ኦ ላፕቶፕ በብዙ ሺህ ቁጥር ወደ አንዳንድ ትምህርት ቤቶቻችን መጥቶ ነበር። ይህ ማሽን የሊኑክስ ሥርዓት የተጫነበት፣ 256 ሜጋባይት ማስታወሻ ብቻ ያለው፣ በጠራራ ፀሐይም የሚነበብ ስክሪን የተገጠመለት ነበር። በመክፈት መንፈስ የታሰበው ይህ መሣሪያ እንኳ የማርቬል ኩባንያ ገመድ አልባ ቺፑ የተዘጋ ፈርምዌር ስለሚፈልግ የኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. ሰዎች በ2006 አጥብቀው ነቅፈውት ነበር። መርሕና ተግባር የሚጋጩት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

ደቢያንም በዚሁ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ተከራክሯል። ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ባለመካተቱ፣ አዲስ ተጠቃሚ ግንኙነት ለማግኘት ፈርምዌር ያስፈልገዋል፤ ፈርምዌሩን ለማምጣት ደግሞ ግንኙነት ያስፈልገዋል። አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጥተው እንዲካተት ወሰኑ፤ በጁን 2023 የወጣው ደቢያን 12ም በዚሁ መሠረት ቀረበ። እኔ ውሳኔውን ትክክለኛ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ሥርዓቱን ጭራሽ ካልጫነው ሰው ይልቅ በአንድ ቺፕ ላይ የተዘጋ ፈርምዌር ይዞ ቀሪውን ሁሉ በነፃነት የሚጠቀመው ሰው ለነፃነት የቀረበ ነውና። የተቃዋሚዎቹን ሥጋት ግን አልንቅም። ዛሬ በችግር የተፈቀደው ነገር ነገ እንደ ልማድ እንዳይቆጠር፣ የተዘጋውን «የተዘጋ» ብሎ መጥራት አለማቆም ያስፈልጋል።

የሥዕል ካርዶች

ከ2010 ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ሁለት የሥዕል ካርድ፣ ይኸውም አንድ ቆጣቢና አንድ ኃይለኛ፣ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ሲያወጣ ለሊኑክስ አልታሰበም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ኃይለኛው ካርድ ያለ ሥራ እየበራ ባትሪ ሲጨርስ ኖሯል። ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ፊት ኩባንያውን በብርቱ ቃል የወቀሰው ስለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ተጠይቆ ነው። ኩባንያው በሜይ 2022 ለአዳዲስ ካርዶቹ በከርነሉ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ምንጭ ከፍቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ግን እንደ ተዘጋ ነው።

ለእኛ፣ በአመዛኙ ያገለገለ ማሽን ለምንገዛ ሰዎች፣ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የተዘጋ ድራይቨር ዕድሜው የንግዱ ዕድሜ ነው፤ ካርዱ ከገበያ ሲወጣ ኩባንያው ይተወዋል፣ ከርነሉም ወደ ፊት ሲራመድ አሮጌው ድራይቨር ከኋላ ይቀራል። ክፍት ድራይቨር ያላቸው የኢንቴል ካርዶች ግን ከዐሥር ዓመት በኋላም ሲሠሩ ይታያሉ። ለጽሕፈት ቤት ሥራ የሚገዛ ላፕቶፕ ሁለተኛ ካርድ ባይኖረው ይመረጣል።

ማሽን የሚጎዳበት ጊዜ

እስካሁን የጠቀስኩት ስለ መጉላላት ነው። ጉዳት የደረሰበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መደበቅ ለሙያችን አይበጅም።

በ2007 የኡቡንቱ ተጠቃሚዎች የላፕቶፕ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት ከልክ በላይ እየተነሣ እንደሚቀመጥ አስተዋሉ። ብዙ ዲስኮች ለ600,000 ያህል እንዲህ ላለ እንቅስቃሴ የተሠሩ ነበሩ፤ በየጥቂት ሴኮንዱ ሲደጋገም ግን ቁጥሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞላል። የኃይል ቁጠባውን ልክ የወሰነው የማሽኑ ሠሪ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ በየጊዜው ወደ ዲስኩ ጥቂት ጥቂት መጻፉ ጭንቅላቱን ዕረፍት ነሥቶት ነበር።

በጃንዋሪ 2013 አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ ሲነሣባቸው ዳግመኛ የማይበሩ ሆኑ። በመጀመሪያ የተወቀሰው የከርነሉ ድራይቨር ነበር። ማቲው ጋሬት ግን የባዮሱ አነስተኛ ማኅደር ከመጠን በላይ ሲሞላ ማሽኑ እንደሚሞት፣ ይህንንም ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ማድረግ እንደሚቻል በሙከራ አሳየ። ጥፋቱ የመነሻ ፕሮግራሙ ነበር። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኡቡንቱ 17.10 በተለይ በአንዳንድ የሌኖቮ ሞዴሎች ላይ የባዮሱ ምርጫዎች እንዳይመዘገቡ የሚያደርግ ችግር ስላስከተለ ከማውረጃው ገጽ ተነሣ፤ ታርሞ የተመለሰው በጃንዋሪ 2018 ነው። በዚህኛው ጊዜ ምክንያቱ ለሁሉም ማሽን መከፈት ያልነበረበት የከርነል ድራይቨር መከፈቱ ነው።

ሦስቱን ጉዳዮች አስተያይተን ስናይ ጥፋቱ አንድ ጊዜ በሠሪው፣ ሌላ ጊዜ በነፃው ሥርዓት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሁለቱ መካከል እንደሚገኝ እንረዳለን። የጋራ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች አብረው ያልተፈተኑ መሆናቸው ነው። የአፕልን አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ለሊኑክስ የከፈተው የአሳሂ ቡድን የተጠነቀቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የእነዚህ ላፕቶፖች ድምፅ ማጉያ ያለ ሙቀት ቁጥጥር ቢሠራ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ቡድኑ የመጠበቂያ ፕሮግራሙን እስኪያዘጋጅ ድረስ ድምፁን ዘግቶ ቆይቷል። ከችኩል ድል ይልቅ እንዲህ ያለው ትዕግሥት ይመሰገናል።

የፊደላችን ጉዳይ

በሥርዓት ለውጥ ላይ የሚነሣው ሁለተኛው ሥጋት የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ይህ ሥጋት በአብዛኛው መሠረት የለውም። ሊኑክስ የአማርኛ የፊደል ገበታ አቀማመጥ ከነባሩ ይዟል፤ በላቲን ፊደል ድምፁን እየነኩ የሚጽፉበት ዘዴም አለው። አቢሲኒካና የኖቶ ግዕዝ ፊደላት ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

እውነተኛው ችግር ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች በተጻፉ ሰነዶች ላይ ነው። እነዚህ ሰነዶች ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ይህ የነፃው ሥርዓት ጉድለት አይደለም፤ አዲስ ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። ማሽን ከመለወጥ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የቆዩ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ማዛወር የባለሙያው ቀዳሚ ግዴታ ነው። ይህ ካልተደረገ ከማሽኑ ጋር የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ምን እናድርግ?

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት አምስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ምርመራው ከግዢ በፊት ይሁን። ሥርዓቱን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ማሽኑን ሳይጭኑ ማስነሣት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ገመድ አልባ ግንኙነቱ፣ ድምፁ፣ ማይክሮፎኑ፣ ካሜራው፣ የመዳሰሻ ሰሌዳው፣ የብርሃን ቁልፎቹና የክዳኑ እንቅልፍ በየተራ ይፈተኑ። የጣት አሻራ አንባቢና ከ2021 ወዲህ የመጡ አንዳንድ ካሜራዎች ድራይቨር ሳይኖራቸው ሊቀሩ ስለሚችሉ ለብቻ ይታዩ። የጨረታ ሰነድ ስናዘጋጅም ይህ ፈተና በመሥፈርትነት ይግባ።

2ኛ፤ ነባሩ ሥርዓት ከመጥፋቱ በፊት ባዮሱ ይታደስ። ከ2015 ወዲህ ለተወሰኑ ሠሪዎች ማሽኖች ይህን ከሊኑክስ ውስጥ ማድረግ የሚቻል ቢሆንም ሁሉም ሠሪ በዚህ አልተካተተም። በመጫን ጊዜ ግንኙነት ቢጠፋም ስልክን በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ አያይዞ ኢንተርኔት መጋራት ችግሩን ብዙ ጊዜ ይፈታል።

3ኛ፤ ባትሪው ይታሰብበት። ሁልጊዜ ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ የሚውል ማሽን እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ማድረግ የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ከርነሉም በብዙ ሞዴሎች ላይ ይህን ይፈቅዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ግን ሙሉ ባትሪ ራሱን የቻለ መጠባበቂያ ነውና ምርጫው በቦታው ሁኔታ ይወሰን።

4ኛ፤ የማይሆንበትን እንወቅ። በዊንዶውስ ብቻ በሚሠራ የሒሳብ ወይም የምህንድስና ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ክፍል በግድ አይለወጥ። አንድ ያልታሰበበት ለውጥ ዐሥር የታሰበባቸውን ያስነቅፋል።

5ኛ፤ የጋራ መዝገብ ይኑረን። የእያንዳንዱ ሞዴል ጠባይ፣ ያጋጠመው ችግርና መፍትሔው በአማርኛ ተመዝግቦ በማኅበራችን ቢቀመጥ፣ በአንድ ከተማ የተፈታው ችግር በሌላው ከተማ እንደ አዲስ ሌሊት አያሳድርም። ከርነሉ ራሱ በውስጡ የያዘው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው፤ «ይህ ሞዴል ከሆነ ይህን አድርግ» የሚሉ መሥመሮች በብዛት ተጽፈውበታል። እያንዳንዱ መሥመር አንድ ሰው በአንድ ስፍራ አንድ ማሽን ፊት ተቀምጦ ያገኘው ዕውቀት ነው። በአገራችን ገበያ የሚገኙትን ሞዴሎች የሚያውቅ ከእኛ የተሻለ ማን አለ?

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

የነፃ ሥርዓተ ክወና ዕጣ በላፕቶፕ ላይ የሚወሰነው በፕሮግራሙ ጥራት ብቻ ሳይሆን ስለ ማሽኑ በሚገኘው ዕውቀት መጠን ነው። ሠሪው ዕውቀቱን ሲሰውር ተጠቃሚው የገዛው አካል ሙሉ ባለቤት አይሆንም፤ ጊዜው «አልፏል» የሚባልበትንም ቀን የሚወስነው ሌላ ነው። ዕውቀቱ ሲገለጽ ግን አሮጌው ማሽን በአንድ ተማሪ ወይም በአንድ ጸሐፊ እጅ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የሞዴሎችን መዝገብ የሚያዘጋጁ ሦስት ወይም አራት አባላት እንዲሰይም፣ የመጀመሪያው ረቂቅም ለሚቀጥለው ጉባኤ እንዲቀርብ በአክብሮት ሐሳብ አቀርባለሁ። እኔም በበኩሌ እስካሁን የመረመርኳቸውን ሞዴሎች ማስታወሻ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።